ድርሻው ለማን፣ ግዴታውስ ለማን?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

ከኢየሩሳሌም የምናቀርብላችሁ ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዛሬ ስለ ውርስ ያወጋል። እስቲ አንድ አባት አስቡ። ልጆቹ አምስት ስድስት ናቸው፤ ያለው ግን አንድ ማሳ ወይም አንድ ቤት ነው። ለማን ይተወው? ለበኩር ልጁ? ለሁሉም እኩል? ወይስ ሌሎቹ ሲበታተኑ ከጎኑ ሳይለይ ለቀረው?

ይህ ጥያቄ ጎጃም ውስጥ ተጠይቋል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ተጠይቋል። ዛሬ እዚህ ኢየሩሳሌም ውስጥም በየቤቱ ይጠየቃል። ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው በድርሻው መጠን ነው፤ ማን ስንት አገኘ፣ ማን ተበለጠ። እኛ የምንከራከረው ግን ለሌላ ሐሳብ ነው። ደጋግመን እናነሳዋለንና ከአሁኑ ያዙልን፦ ድርሻ ብቻውን አይወረስም፤ ግዴታውም አብሮ መወረስ አለበት። ኑዛዜ የሚጸናው ድርሻውን የወሰደው ሰው ለወንድም ለእኅቱ ምን እንደሚከፍል፣ ማንን እንደሚጦር፣ ምን እንደሚጠብቅ በግልጽ ሲናገር ነው። ይህን ያልተናገረ ኑዛዜ፣ መሬቱን በገመድ ለክቶ እኩል ቢያደርገው እንኳ፣ ልጆቹን ፍርድ ቤት ያቆማቸዋል። ለምን እንዲህ እንደምንል በማስረጃ እንየው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር የበገና ድምፅ)

ከቅርባችን እንነሣ። ከነቢያት መንገድ ታጥፋችሁ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስትገቡ መንገዱ ይጠባል፤ በግራም በቀኝም የድንጋይ አጥር ነው። አንበሳ ከተቀረጸበት በር ዘልቃችሁ ስትገቡ ክቡን የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ታገኙታላችሁ፤ ደብረ ገነት ገዳም ማለት እርሱ ነው። ዛሬ የምንፈልገው የገዳሙን ታሪክ ነው።

መሬቱ ተገዝቶ ሥራው የተጀመረው በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ነው። ንጉሡ ሥራውን ሳይጨርሱ በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በቀደመው ዓመት ሞተው ነበር። እናም አፄ ዮሐንስ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው፣ እስከዚያ ቀን የወንድም ልጅ እየተባሉ የኖሩትን መንገሻን ልጃቸውና ወራሻቸው እንደሆኑ ተናገሩ። በዚያች ሰዓት ንጉሡ የተዉት ሁለት ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ዙፋን፣ ሌላው ኢየሩሳሌም ላይ ያላለቀ ቤተ ክርስቲያን። የትኛው እንደ ፈቃዳቸው ተፈጸመ? ዙፋኑን ምኒልክ ወሰዱት። ቤተ ክርስቲያኑንም ያስጨረሱት ምኒልክ ናቸው።

ልብ በሉ፤ ምኒልክ የዮሐንስ ልጅ አይደሉም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ተቀናቃኛቸው ነበሩ። ታዲያ የተቀናቃኛቸውን ጅምር ለምን ከፍጻሜ አደረሱት? አንድ አድማጭ፣ «ለራሳቸው ክብር ነዋ! ኢየሩሳሌም ላይ የንጉሥ ስም ይጠራል» ሊለን ይችላል። ልክ ነው፤ አንክድም። ግን ይህ ክርክሩን ያጠናክርልናል እንጂ አያፈርስብንም። ዙፋኑ የተተወው እንደ ድርሻ ነው፤ ለአንድ ሰው ጥቅም፣ ለሌላው ጉዳት። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ቦታው የታወቀ፣ ጥቅሙ ለአንድ ወራሽ ብቻ ያልሆነ፣ ማንም ቢፈጽመው የሚመሰገንበት ሥራ ነበር። ስለዚህ ወራሽ ያልሆነ ሰው እንኳ ተሸከመው። ዙፋን በጦር እንጂ በኑዛዜ አይያዝም የሚለንም ይኖራል። በዙፋን ነገር እውነቱን ነው፤ ወደ ተራው ሰው ቤት ስንገባ ግን ያው ነገር በትንሹ ይደገማል።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

ከቤተ ክርስቲያኑ አልፈን ወደ ቤቶቹ እንሂድ። በአሮጌው ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳት ዋና ይዞታ በዴር ሡልጣን፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ያለው ነው፤ እርሱም ከግብጻውያን ጋር ስንት ዘመን ያከራከረ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ከቅጥሩ ውጭ ቤት ማሠራት ጀመሩ። እቴጌ ጣይቱ አሠርተዋል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1920ዎቹ፣ በነቢያት መንገድ ላይ ግንባሩ በሞዛይክ አንበሳ ያጌጠው ቤት ተሠርቷል፤ የኢትዮጵያ ቆንስላ የነበረው እርሱ ነው። የእስራኤል ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት ሲያሰራጭበት የኖረው፣ በንግሥት ሄለና መንገድ ያለው ቤትም ኢትዮጵያውያን ያሠሩት ነው። እኛ የሬዲዮ ሰዎች ይህን ሳናነሳ ብናልፍ ነውር ይሆንብናል።

እነዚህ ቤቶች ለምን ለልጅና ለዘመድ አልተከፋፈሉም? ለልጅ የሚሆነው ርስትና ጉልት አገር ቤት ነበር። የኢየሩሳሌሙ ቤት ሥራው ሌላ ነው። ኪራዩ መነኩሴውን ይመግባል፣ ክፍሉ ተሳላሚውን ያሳድራል፣ ያሠራው ሰው ስም በጸሎት ይነሣል። ገዳሙ ቤቱን የያዘው እንደ ባለአደራ ነው። ቤቱ ድርሻ ነው፤ መመገብ፣ ማሳደርና መጸለይ ደግሞ ከድርሻው ጋር የተቆራኘ ግዴታ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ስለተሰጡ፣ አሠሪዎቹ ከሞቱ፣ ዘውዱም ከወደቀ በኋላ የኢትዮጵያ ገዳም እዚህ ከተማ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም፤ ዘውዲቱም የወለዷቸው በሕፃንነት ሞተውባቸዋል። «ልጅ የሌለው ሰው ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥ ምን ይደንቃል?» ልትሉን ትችላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በአገራችን ባህል ልጅ የሌለው ሰው ወራሽ የለውም ማለት አይደለም። ጣይቱ የወንድም ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱ ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው፣ የዘውዲቱ ባል የነበሩት። ለሥጋ ዘመድ መስጠት ቢፈልጉ ተቀባይ አላጡም ነበር። ደግሞም ልጅ የሌለው ሰው ሀብት ነው ብዙ ጊዜ ዘመድ የሚናጠቀው። ሰጪዎቹ ግዴታን ከድርሻ ጋር ካላሰሩ የሚሆነውን ያውቁ ነበር።

(አጭር ዕረፍት)

እንዴት አያውቁ? ያደጉት በርስት አገር ነው። እስቲ ርስቱን እንየው። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌላውም የአማራ አገር ርስት የሚቆጠረው ከአንድ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘ ዋና አባት ነው። ያ አባት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት እንበል። መሬቱ አራት ፈንታ ይሆናል፤ ሴቷም ፈንታዋን ታገኛለች። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከየፈንታው ይካፈላሉ። ሰው በአባቱ ወገን ብቻ ሳይሆን በእናቱም ወገን ይጠይቃል፤ ስለዚህ አንድ ገበሬ በብዙ ቦታ ባለርስት ነኝ ሊል ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሴት ልጅን ባለመንፈጉ ይህ ሥርዓት ከብዙ የአውሮፓ ሕግ ይሻል ነበር፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገር።

ግን እኩልነቱ ሠርቷል ወይ? አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ጎጃም ደሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቷል፤ መጽሐፉ በ1973 ታትሟል። ያገኘው ነገር ትምህርት ሰጪ ነው። በሕጉ ሁሉም ተወላጅ መብት አለው፤ በእጅ የተያዘው መሬት ግን እኩል አልነበረም። የዘር ሐረጉን አጥርቶ የሚቆጥር፣ አንደበቱ የሰላ፣ ዳኛና ሹም ዘንድ የሚሰማ ሰው መሬቱን ያሰፋ ነበር። ዝምተኛውና ደሀው፣ መብቱ ሳይነካ፣ መሬቱ ያንስበት ነበር። እኩል የመጠየቅ መብት እኩል የመያዝ ዋስትና አልሆነም ማለት ነው። ክፍፍሉም ተፈጽሞ የሚዘጋበት ቀን አልነበረውም፤ ከሦስት ትውልድ በኋላ «የአያቴ ፈንታ» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

አሁን ከዚያው አገር ሌላ መሬት እናንሳ፤ የሰሞን መሬት። ይህን የያዘ ሰው ለደብሩ አገልግሎት አለበት። ካህን ከሆነ ራሱ ይቀድሳል፤ ካልሆነ የሚያገለግልለት ሰው ያቆማል። አገልግሎቱ ቢቋረጥ ይዞታው ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። «አያትህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቢቀጥልም፣ «ሥራውን ማን እየሠራ ነው?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመርበታል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ዓይን ያየው፣ ጎረቤት የሚመሰክርበት ነገር ነው፤ የአሥር ትውልድ ቆጠራ ግን አንደበት ላለው ያደላል። በገበሬውም ቤት ቢሆን ጧሪና ቀባሪ የሆነ ልጅ ከሌሎቹ የተለየ ቦታ እንደሚሰጠው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወላጆቹን ሲጦር ስለታየ፣ የወላጆቹ ጎጆና የደጃቸው መሬት ሲሰጠው ማንም «ለምን?» አይልም። ድርሻ ብቻውን አይወረስም ያልነው ይህን ነው።

(ሙዚቃ)

አሁን አንድ አድማጭ፣ በተለይ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ፣ እንዲህ ቢለን አንቀየምም፦ «ስለ ርስት ለእኔ ምን ታወሩኛላችሁ? ለአያቶቼ ርስት ማን ሰጣቸው?» በእርግጥም በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ፣ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጁ ተብሎ ሲተረክ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ብዙው ቤተ እስራኤል በሰው መሬት ላይ እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸማ እየሠራ፣ ሸክላ እየሠራ ኖረ። እንደገና የሚያርሰው መሬት በሕግ የተሰጠው የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ነው።

ታዲያ ርስት የሌለው አባት ለልጁ ምን አወረሰ? ሙያ። ልጁ ገና በትንሽነቱ ወናፍ እየነፋ፣ ጉጠት እያቀበለ፣ ማረሻ እንዴት እንደሚሳል እያየ ያድጋል። ይህ ውርስ ሲሰጥ ግዴታው ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ያልሠራ ልጅ ሙያውን አላገኘም። ለዚህም ነው በአንጥረኛ ቤት ስለ ሙያው ክፍፍል የተነሣ ሙግት የማይሰማው። መሬት የተነፈገ ሕዝብ ስለ ውርስ የሚያውቀው ነገር ያንሳል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። አሁን ደግሞ እዚህ አገር ብዙው ቤተሰብ በወለድ ብድር የተገዛ አፓርታማ አለው። ሦስት ክፍል፤ ስምንት ልጅ። የርስት ጥያቄ በሌላ በር ገብቷል።

(አጭር ዕረፍት)

ወደ እንግሊዝ አገር ብቅ እንበል። አፄ ይስሐቅ ካረፉ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1444፣ ኖርፎክ በተባለው የምሥራቅ እንግሊዝ አውራጃ የሚኖር ዊልያም ፓስተን የሚባል ዳኛ ሞተ። ከገበሬ ቤት ወጥቶ በሙያው መሬት ያካበተ ሰው ነው። ከወንዶች ልጆቹ በኩሩ ጆን ለአቅመ አዳም ደርሷል፤ ከታናናሾቹ ሁለቱ ገና ሕፃናት ናቸው። በዚያ አገር ሕግ መሬት ያለ ኑዛዜ ሲቀር በአብዛኛው ለበኩሩ ብቻ ያልፋል። ኬንት በተባለው አውራጃ ደግሞ ለወንዶች ሁሉ እኩል ነበር፤ አንዳንድ ቦታ የሚወርሰው የመጨረሻው ልጅ ነበር። እንግሊዝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብላችሁ አታስቡ።

ዳኛው በጽሑፍ ኑዛዜ ነበረው። ሲታመም ግን ሐሳቡ ወደ ታናናሾቹ አዘነበለ። ሚስቱ አግነስ እንደመሰከረችው፣ ለአንዱ ብዙ ሰጥቶ ሌሎቹ መኖሪያ እንዲያጥራቸው አልፈለገም። ለነፍሱ የሚጸለይ ጸሎትም እንዲቋቋም ፈልጎ ነበር። ይህን ግን የተናገረው በቃል ነው። በኩሩ ጆን ቃሉን አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ እናት ከበኩር ልጇ ጋር ስትጣላ፣ አጎት ከወንድሙ ልጆች ጋር ሲካሰስ ነገሩ እስከ 1480ዎቹ ዘለቀ። ሟቹ ተራ ሰው አልነበረም፤ የሌላውን ሰው ሙግት ሲዳኝ የኖረ የሕግ ሰው ነው! እርሱ እንኳ፣ በኩሩ ለታናናሾቹ ያለበትን ግዴታ በጽሑፍ ሳያስር በመቅረቱ ቤቱን ለሠላሳ ዓመት ከሚበልጥ ሙግት ጥሎት ሄደ።

እዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን የተሻለ የሠሩ አባቶች ነበሩ። እስከ 1540 ድረስ የእንግሊዝ ሕግ ከጥቂት ከተሞችና ልማዶች በቀር መሬትን በቀጥታ በኑዛዜ ማስተላለፍ አይፈቅድም ነበር። ሰዎቹ መላ አበጁ። መሬቱን በሕይወታቸው ሳሉ ለታመኑ ወዳጆች በስማቸው ያዞሩታል፤ ወዳጆቹም ባለአደራ ሆነው እንደ ሟቹ ፈቃድ ያደርጋሉ። በዚህ መንገድ አንድ አባት የዘር መሬቱን ለበኩሩ፣ በራሱ ገንዘብ የገዛውን ለታናሹ ይሰጥና፣ በኩሩ ለእኅቱ ማግቢያ ይህን ያህል ገንዘብ እንዲከፍል፣ እናቱን በቤቱ ክፍል ሰጥቶ እንዲያኖር፣ ይህን ባያደርግ ግን መሬቱ ወደ ታናሹ እንዲያልፍ ያዝዛል። ድርሻው እኩል ነው? አይደለም። ግን እናትም፣ እኅትም፣ ታናሽም ምን እንደሚጠብቁ፣ ካልተሰጣቸውም ምን እንደሚከተል ያውቃሉ።

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

እስቲ አሁን ተቃውሞዎቹን ፊት ለፊት እንጋጠማቸው። የመጀመሪያው፦ «ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን እኩል መካፈል ነው፤ ምን ያስጨንቃል?» ሁሉም ልጅ ራሱን የቻለ፣ ወላጅም በሕይወት የሌለ ከሆነ ይህ መልካም መንገድ ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን እናት ቤቱ ውስጥ እየኖረች ከሆነስ? አንዱ ልጅ ለዓመታት ብድሩን ሲከፍል ኖሮ ከሆነስ? አንዲት ልጅ ሥራዋን ትታ አባቷን ስታስታምም ከርማ ከሆነስ? እኩል መካፈል እነዚህን ሰዎች እንደሌሉ ቆጠራቸው ማለት ነው። የደሞቱ ገበሬ ነገር እዚህም ይሠራል፤ በወረቀት ላይ ያለ እኩልነት ቤት ውስጥ ያለውን ልዩነት አያጠፋውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «ሟች ግዴታ ቢጥል ማን ያስፈጽማል? መቃብር ውስጥ ሆኖ አይከስ!» እውነት ነው፣ «እናታችሁን አደራ» የሚል ቃል ብቻውን ማንንም አይዝም። ስለዚህ ግዴታው ሦስት ነገር ይፈልጋል። ምን እንደሆነ መለካት አለበት፤ ተጠቃሚው በስም መታወቅ አለበት፤ ካልተፈጸመ ምን እንደሚሆን መነገር አለበት። የእንግሊዙ አባት «ካልከፈልክ መሬቱ ወደ ወንድምህ ያልፋል» ሲል፣ ታናሽ ወንድምን ጠባቂ አድርጎ አቆመው። በሰሞን መሬትም ደብሩ ራሱ ጠባቂ ነው፤ ቅዳሴ ሲታጎል ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ሟች ባይከስም፣ ከግዴታው የሚጠቀም ሕያው ሰው ይከሳል።

ሦስተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ገና በሕይወት እያለሁ ስለ ኑዛዜ ማውራት በራስ ላይ ማሟረት ነው። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌ ጠርቼ እናገራለሁ።» ይህ ልማድ ክብር አለው፤ ሽማግሌና የነፍስ አባት ባሉበት መናዘዝ የአባቶቻችን ወግ ነው። አደጋው ሰዓቱ ላይ ነው። አፄ ዮሐንስም፣ ዳኛው ፓስተንም የመጨረሻ ፈቃዳቸውን የተናገሩት በዚያች ሰዓት ነበር፤ ሁለቱም እንዳሉት አልሆነላቸውም። ሕጎቹም ይህን የቃል ኑዛዜ በጥርጣሬ ያዩታል። የኢትዮጵያ የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል የሚደረግ ኑዛዜን ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና ከአምስት መቶ ብር ለማይበልጥ ስጦታ ወስኖታል፤ ቤትና መሬት በዚያ አያልፍም። በእስራኤል ሕግ ደግሞ ሞት ፊቱ የቆመበት ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ሊናዘዝ ይችላል፤ ከሕመሙ ካገገመ ግን ኑዛዜው ከአንድ ወር በኋላ ይሻራል።

(አጭር የበገና ድምፅ)

የምንኖርበት አገር ሕግ ከዛሬው ሐሳባችን ጋር እንዴት ይስማማል? የእስራኤል የውርስ ሕግ በ1965 የወጣ ነው። ተናዛዡ ሀብቱን ለፈለገው መስጠት ይችላል፤ ለልጆች እኩል አድርግ ብሎ አያስገድደውም። ስለ እርሻ ግን አንድ የተለየ አንቀጽ አለው። እርሻው ሊበተን የማይገባው አንድ የኑሮ መሠረት ከሆነ፣ ሊያርሰው ፈቃደኛና ብቁ ለሆነው ወራሽ ይሰጣል፤ እርሱም ከድርሻው ለበለጠው ሌሎቹን ወራሾች ይክሳል። ሞሻቭ በሚባሉት የገበሬ መንደሮችም ቢሆን ይዞታው አይቆራረጥም፤ ከልጆች አንዱ ቀጣይ ሆኖ ይይዘዋል፤ ሌሎቹ ለምን ቀረብን ብለው የሚካሰሱበት ጉዳይም ፍርድ ቤቶችን ሲያዳርስ ኖሯል። ሕግ አውጪው ያሰበው ዳኛው ፓስተን ሳይጽፈው የቀረውን ነገር ነው፦ አንዱ ይያዝ፤ የያዘው ግን ይክፈል።

ታዲያ በአፓርታማው ምን ይደረግ? እንዲህ ያለ ኑዛዜ አስቡ። «ቤቱን ለታላቅ ልጄ ትቻለሁ። እናቱ በሕይወት እስካለች ድረስ በቤቱ ትኖራለች፤ ኪራይ አትጠየቅም። የብድሩን ቀሪ እርሱ ይከፍላል። ከሞትኩ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ለእያንዳንዱ ወንድሙና እኅቱ የዚህን ያህል ገንዘብ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ቤቱ ተሸጦ ለሁሉም እኩል ይከፈላል።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ቃሉን የሕግ ባለሙያ ያስተካክለው፤ ሐሳቡ ግን ከዚህ ብዙም አያልፍም። ማን ያዘ? ማን ይከፍላል? ማን ይኖራል? ካልሆነስ?

አንድ ጥንቃቄ ሳንነግራችሁ ብንሰነባበት ጥፋተኛ እንሆናለን፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነውና። ብዙ አባትና እናት ዕብራይስጥ ስለማያነቡ ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ልጃቸውን ያስከትላሉ። ልጁ ያስተረጉማል፣ ወረቀት ይሞላል፣ አንዳንዴም እንደ ምስክር ይፈርማል። የእስራኤል የውርስ ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ኑዛዜውን ላዘጋጀ፣ ለመሰከረ ወይም በሥራው ለተካፈለ ሰው፣ ለዚያ ሰው ባል ወይም ሚስትም ጭምር፣ የሚጠቅመው የኑዛዜው ክፍል ዋጋ የለውም። ሳይለይ የጦረው ልጅ፣ ለማስተርጎም ብሎ በመግባቱ ብቻ ድርሻውን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ውድ አድማጮቻችን፣ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ኑዛዜ ያልጻፋችሁ ጻፉ። የጻፋችሁ አውጥታችሁ ተመልከቱት፤ ከእያንዳንዱ ድርሻ አጠገብ ግዴታው ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ፤ ከሌለ እንደገና አስጽፉት። ስታስጽፉም ከወራሾቹ ማንም ክፍሉ ውስጥ አይግባ፤ አስተርጓሚ ከውጭ ያዙ። ከተፈረመ በኋላ ግን ልጆቻችሁን ሁሉ ሰብስባችሁ ንገሯቸው፤ ቅር የሚለው ካለ እናንተ ባላችሁበት ቅሬታውን ይናገር። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን፤ በሚመጣው ሳምንት የሕግ ባለሙያ ጋብዘን እናስመልሳለን። እስከዚያው በሰላም ቆዩን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)